ለውሃው መውጫ፣ ለተካዩ መቆያ፦ የአስፓራገስ መደብ ታሪክ በዝናባማ አገሮች

ስለ አዝርዕትና ስለ አትክልት የተጻፈ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው የሕዝብን ሆድ በሞሉት ላይ ነው። ስለ ስንዴ፣ ስለ ሩዝ፣ ስለ ድንችና ስለ በቆሎ ብዙ ተብሏል። አስፓራገስ ከእነዚህ ተርታ የሚሰለፍ አይደለም። ረኃብን አላስታገሠም፤ የመንግሥታት ግምጃ ቤትም አልሞላበትም። ሆኖም አንድ ሰው በጓሮው ሊተክላቸው ከሚችላቸው አትክልቶች መካከል የአስፓራገስን ያህል ትዕግሥት የሚጠይቅ፣ በመጀመሪያው ቀን የተፈጸመን ስሕተትም የእርሱን ያህል ለዓመታት ይዞ የሚቆይ ጥቂት ነው። ሰላጣ የተበላሸበት ሰው በሚቀጥለው ወር እንደገና ዘርቶ ኪሣራውን ይክሳል። የአስፓራገስ መደብ ግን በደኅና ከተያዘ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ በአንድ ቦታ ይኖራል፤ ተካዩም የመጀመሪያውን የረባ ምርት የሚያየው በ3ኛው ዓመት ግድም ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ተክል ዝናብ ወደሚበዛባቸው አገሮች በተሻገረ ጊዜ የገጠመውን ችግርና ሰዎች ችግሩን የፈቱበትን መንገድ ማሳየት ነው። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ሁለት ጥያቄዎች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛው የውሃ ጥያቄ ነው፤ በመደቡ ላይ የዘነበው ዝናብ በየት በኩል ይውጣ? ሁለተኛው የሰው ጥያቄ ነው፤ የተከለው ሰው የድካሙን ዋጋ እስኪያገኝ ድረስ በመሬቱ ላይ ለመቆየቱ ምን ዋስትና አለው? የአስፓራገስ መደብ በዝናባማ አገር የጸናው ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ባገኙበት ስፍራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

የተክሉ ጠባይ

በጓሮ የሚለማው አስፓራገስ ጥንተ አገሩ አውሮፓ፣ ሰሜን አፍሪካና ምዕራብ እስያ ነው። በእነዚህ አገሮች ዱር በቀሉ የሚገኘው በተለይ በባሕር ዳርቻና በወንዝ አፋፍ፣ አሸዋ በበዛበት መሬት ነው። ከባሕር አጠገብ የኖረ በመሆኑ ከብዙዎቹ አትክልቶች ይልቅ ጨው ይችላል። ዘመዶቹ በአገራችንም አሉ። በቁጥቋጦና በአጥር ሥር የሚበቅለውና በአማርኛ «የሴት ቀስት» ወይም «ሰሪቲ» እየተባለ የሚጠራው እሾሃማ ሐረግ የዚሁ ወገን ነው። ስለሆነም የአስፓራገስ ቤተሰብ ለኢትዮጵያ ፍጹም ባዕድ አይደለም፤ ባዕዱ የሚበላው ዓይነትና የአተካከሉ ጥበብ ነው።

ተክሉ ከመሬት በታች የሚተኛ ግንደ ሥር አለው። ከዚህ ግንደ ሥር በየአቅጣጫው የሚዘረጉት ወፋፍራም ሥሮች እንደ ጎተራ ሆነው ምግብ ያከማቻሉ። የዕረፍቱ ወራት ሲያልፍ ከግንደ ሥሩ ለጋ ቀንበጦች ይወጣሉ፤ ሰው የሚመገበው እነዚህን ነው። ያልተቆረጠው ቀንበጥ ይረዝምና ይዘረዘራል፤ እንደ ላባ የረቀቀ ለምለም ቅርንጫፍም ይሆናል። ይህ ለምለም ከፀሐይ የሚያገኘውን ምግብ ወደ ሥር ይልካል፤ የሚቀጥለው ዓመት ምርት የሚወጣውም ከዚያ ስንቅ ነው። እንግዲህ ቀንበጥ መቁረጥ ከሥሩ ጎተራ መበደር ማለት ነው። ለዚህ ነው በእንግሊዝ አገር በሰኔ አጋማሽ፣ በጀርመንም በልማድ ሰኔ 24 ቀን የዮሐንስ በዓል ሲደርስ ቆረጣው የሚቆመው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ብድሩ የሚመለስበት ነው።

ሥሮቹ ምግብ ለማከማቸትና በሕይወት ለመቆየት አየር ያስፈልጋቸዋል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ለብዙ ቀናት በውሃ ከተሞላ አየር ይጠፋል፤ የተዳከመውንም ሥር ፉሳሪየምና ፋይቶፍቶራ የሚባሉት ተሐዋስያን ያበሰብሱታል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ተካዩ በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ቀንበጥ አይቶ ይደሰታል፤ በ2ኛው ዓመት ቀንበጡ ይቀጥናል፤ በ3ኛው ዓመት፣ ምርት በሚጠበቅበት ጊዜ፣ መደቡ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ተክሉ ዝናብ ይወዳል፤ የሚገድለው የቆመ ውሃ ነው። የዝናባማ አገሮች የአስፓራገስ ታሪክ በመሠረቱ ይህን ልዩነት የመረዳት ታሪክ ነው።

የሮማውያን ምክርና የሰሜኑ ዝናብ

ስለ አስፓራገስ አተካከል ከጥንት ዘመን የደረሰን ዝርዝር ትምህርት በሮማዊው ካቶ የተጻፈ ነው። ካቶ በ160 ዓመተ ዓለም ገደማ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፣ ከመጨረሻዎቹ ምዕራፎች አንዱን ለዚህ ተክል ሰጥቶታል። መሬቱ በሚገባ እንዲታረስ፣ ዘሩ በተወጠረ ገመድ ቀጥታ እንዲተከል፣ በመደቦቹ መካከል የእግር መንገድ እንዲተውና ሠራተኛ ተክሉን እንዳይረግጥ፣ በመጀመሪያው ክረምት ብርድ እንዳይመታው ገለባ እንዲጎዘጎዝለት ያዝዛል። ፍጉም የበግ እንዲሆን ይመክራል፤ ሌላው ፍግ አረም ያመጣልና። ምርት መሰብሰብ የሚጀመረው በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት እንደሆነ፣ መደቡም ከ8 ወይም ከ9 ዓመት በኋላ ተነቅሎ በሌላ በተዳበረ መሬት መተከል እንዳለበት ይገልጻል። ከ2,000 ዓመታት በላይ አልፈው እንኳ ይህ ምክር በአብዛኛው የዛሬውን ባለሙያ የሚያሳፍር አይደለም።

ይሁን እንጂ በካቶ ምክር ውስጥ አንድ ነጥብ ልብ ሊባል ይገባል። ለአስፓራገስ የሚመረጠው ቦታ እርጥበት ያለው ወይም አፈሩ ወፍራም የሆነ መሆን አለበት ይላል። ለመካከለኛው ኢጣልያ ይህ ትክክል ነበር። በዚያ የበጋው ወራት ደረቅ በመሆኑ የአትክልተኛው ጭንቀት እርጥበትን ማግኘትና ማቆየት ነው። ይኸው ትምህርት ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠ ወደ ሰሜን አውሮፓ ሲሻገር ግን የአየሩ ጠባይ ተገልብጦ ጠበቀው። በሰሜን ፈረንሳይ፣ በእንግሊዝና በሆላንድ እርጥበት የሚፈለግ ነገር አይደለም፤ ሳይጠሩት የሚመጣ ነው። በደረቅ አገር ተክሉን ያዳነው ምክር በዝናባማ አገር ሲፈጸም ይገድለዋል። የሰሜን አትክልተኞች የሮማውያኑን ትዕግሥት ወርሰው የቦታ ምርጫቸውን ግን መተው ነበረባቸው።

ረግረግ ላይ የተሠራ የንጉሥ ጓሮ

ይህን ትምህርት በከፍተኛ ወጪ የተማረው ሰው ዣን-ባፕቲስት ደ ላ ኬንቲኒ ነው። ላ ኬንቲኒ በ1626 የተወለደ ፈረንሳዊ ሲሆን ሕግ ተምሮ በጥብቅና ከሠራ በኋላ ወደ አትክልት ሙያ የዞረ ሰው ነው። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አጠገብ የምግብ አትክልት ቦታ እንዲያዘጋጅ ባዘዘው ጊዜ፣ የተሰጠው መሬት ሽታው የሚከረፋ ኩሬ የነበረበት ረግረግ ነበር። ቦታው የተመረጠው ለተክል ስለሚስማማ ሳይሆን ለቤተ መንግሥቱ ስለሚቀርብ ነው። ሥራው ከ1678 እስከ 1683 ቆየ። ረግረጉ በአቅራቢያው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሲቆፈር በወጣው አፈር ተሞላ፤ ያም አፈር ለአትክልት የማይረባ በመሆኑ ከሳቶሪ ኮረብታዎች ሌላ አፈር በጋሪ ተጋዘ።

አፈር መለወጥ ብቻውን በቂ አልነበረም። ዝናቡ ሲወርድ መሬቱ ጭቃ እየሆነ አስቸገረ። ላ ኬንቲኒ መፍትሔውን በሁለት ነገር አገኘ። አንደኛ፣ ከመሬት በታች ውሃ የሚወስድ በድንጋይ የተሠራ ቦይ አስገባ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን የአትክልት መደብ እንደ ሣጥን ክዳን ከመሐል ከፍ፣ ከዳርና ከዳር ዝቅ አድርጎ ቀረጸው፤ የዘነበውም ውሃ ወደ ጎን እየተንሸራተተ ወደ ቦዩ ይወርድ ጀመር። በዚህ ዘዴ ረግረጉ የአስፓራገስ መሬት ሆነ። ንጉሡ ይህን አትክልት አብዝቶ ይወድ ስለነበር፣ ላ ኬንቲኒ በትኩስ ፍግ ሙቀትና በመስተዋት ሽፋን እየታገዘ በታኅሣሥ ብርድ ሳይቀር ቀንበጥ ያቀርብለት ነበር። ሙያው ያስገኘለት ክብር ከፍ ያለ ነበር፤ በ1687 ንጉሡ የመኳንንት ማዕረግ ሰጠው። በ1688 ከሞተ በኋላ በ1690 የታተመው መጽሐፉ በአውሮፓ ሁሉ ተነበበ፤ ያበጀው አትክልት ቦታም እስከ ዛሬ አለ።

በቬርሳይ የሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም የሰው ጥያቄ፣ አልተነሣም። መሬቱም፣ ጉልበቱም፣ ነገም የንጉሡ ነበሩ። ኮረብታ አፍልሶ ረግረግ መሙላት ለማይችል ተራ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም።

የእንግሊዝ ሸክላ መሬትና የኢቭሻም ልማድ

በእንግሊዝ አገር አስፓራገስ በ17ኛው መቶ ዓመት በለንደን ገበያ የታወቀ ነበር። ሳሙኤል ፒፕስ የተባለው የመንግሥት ሹም በዕለት ማስታወሻው በሚያዝያ 1667 በፌንቸርች ጎዳና 100 ቀንበጥ በ18 ፔንስ መግዛቱን መዝግቧል። ሕዝቡ የላቲኑን ስም አፉ እንደተመቸው ለውጦ «የድንቢጥ ሣር» ይለው ነበር፤ በኋላም አትክልተኞች ባጭሩ «ሣር» አሉት።

የሀብታሞቹ አትክልተኞች ለዚህ ተክል ያዘጋጁት የነበረው መደብ ከፍተኛ ድካም የሚጠይቅ ነበር። ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈርና በፍግ ይሞላል፤ ተክሎቹም ተጠጋግተው ይተከላሉ። አሸዋማ በሆነ መሬት ይህ ድካም ጉዳት አያመጣም። በሸክላ መሬት ግን የተቆፈረው ጉድጓድ እንደ ገንዳ የዙሪያውን ውሃ ሰብስቦ ይይዛል፤ በተሻለ እንክብካቤ የተተከለውም ተክል በተሻለ ፍጥነት ይበሰብሳል። ተክሉ ጨው ይችላል ተብሎ አረም ለመግደል መደቡ ላይ ጨው መነስነስም የተለመደ ነበር። ይህም ለሸክላ አፈር ተስማሚ አልነበረም፤ ጨው የሸክላን ቅንጣቶች እየበታተነ አፈሩን ይደፍነዋልና። ዊልያም ሮቢንሰን የተባለው የአትክልት ጸሐፊ በ1869 ስለ ፓሪስ አትክልት ቦታዎች ባሳተመው መጽሐፍ የፈረንሳዮቹን አተካከል ለአገሩ ሰዎች አስተዋወቀ። በዚያን ጊዜ በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በአርዣንተይ ወይን ተካዮች አስፓራገስን ቀለል ባለ መሬት አራርቀው ይተክሉ ነበር። በጀርመንም በ1861 በቤሊትስ የተጀመረው እርሻ የተመሠረተው በአሸዋማ መሬት ላይ ነው። በእንግሊዝ ምዕራብ ጠረፍ ዝናብ በማያጣው በፎርምቢ ደግሞ ገበሬዎች የባሕር ዳር የአሸዋ ክምር ደልድለው ተከሉበት፤ ተክሉን ወደ ጥንተ አገሩ መሰል መሬት መለሱት ማለት ነው።

ኢቭሻም ግን አሸዋ አልነበራትም። በዉስተርሻየር ግዛት በኤቨን ወንዝ ሸለቆ የምትገኘው ይህች ከተማ ዙሪያዋን ከባድ ሸክላ ነው። ትናንሽ ተከራይ አትክልተኞች በጥቂት ኤከር መሬት ላይ በአካፋና በዶማ እየሠሩ ይኖሩባት ነበር። በ1852 የባቡር ሐዲድ ሲደርስላቸው ምርታቸው ወደ ሩቅ ከተሞች ገበያ መጓዝ ጀመረ። እነዚህ ሰዎች አስፓራገሱን በጉድጓድ አልቀበሩትም፤ አፈሩን ወደ ላይ ቆልለው ረጃጅም ጉብታዎች አበጁና ተክሉን በዚያ ላይ አኖሩት። በጉብታዎቹ መካከል ያለው ዝቅታ ቦይ ሆኖ የክረምቱን ውሃ ወሰደው። ላ ኬንቲኒ በንጉሥ ገንዘብ ያደረገውን የኢቭሻም ተከራይ በዶማው አደረገው።

ይሁንና የኢቭሻም ሰው ጉብታውን ካበጀ በኋላ ሌላ ሥጋት ነበረበት። መሬቱ የራሱ አልነበረም። ተከራይ ሆኖ 3 ዓመት የጠበቀለት መደብ ምርት መስጠት ሲጀምር ባለመሬቱ ኪራዩን ቢያቋርጥበትስ? በእንግሊዝ የቆየው ሕግ በመሬት ላይ የተተከለ የመሬቱ ነው የሚል ነበር። ተከራዩ ሲወጣ መደቡን ነቅሎ ሊሄድ አይችልም፤ ቢነቅለውም ያረጀ ሥር እንደገና አይረባም። እንዲህ ያለ ሁኔታ ባለበት አገር አስተዋይ ሰው የሚተክለው ጎመን እንጂ አስፓራገስ አይሆንም።

የኢቭሻም ሰዎች ይህን ችግር የፈቱት «የኢቭሻም ልማድ» በተባለው ሥርዓት ነው። በልማዱ መሠረት መሬቱን የሚለቅ ተከራይ ራሱ ተተኪ ተከራይ ፈልጎ ለባለመሬቱ ያቀርባል፤ ተተኪውም ለቆሙት የፍራፍሬ ዛፎችና ለአስፓራገሱ መደብ ለወጪው ተከራይ ዋጋ ይከፍላል። ባለመሬቱ የቀረበለትን ሰው አልቀበልም ካለ ካሣውን የመክፈል ግዴታ በእርሱ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ መደቡ የመሬቱ አካል መሆኑ ሳይቀር የተካዩ ጥሪትም ሆነ፤ ተካዩ ሲያረጅ ወይም ሲታመም ሊሸጠው የሚችል ሀብት ሆነ።

የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1895 ለገበያ አትክልተኞች ካሣ የሚሰጥ ሕግ ሲያወጣ፣ ካሣ ከሚከፈልባቸው ሥራዎች መካከል አስፓራገስ መትከል በስም ተጠቀሰ። አንድ የጓሮ አትክልት በአገር ሕግ ውስጥ በስሙ ሲጻፍ ማየት የተለመደ አይደለም። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ያደረጉት ለምግቡ ጣዕም ሲሉ አልነበረም፤ ለዓመታት የሚቆይ ድካም የማን እንደሆነ መወሰን ስለነበረባቸው ነው። የኢቭሻም ልማድ ራሱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በወጡ የእርሻ መሬት ሕጎች ውስጥ ገብቶ እስከ 1986ቱ ሕግ ዘለቀ። ከመስከረም 1995 ወዲህ የሚደረጉ የኪራይ ውሎች በአብዛኛው በሌላ ሕግ የሚተዳደሩ ቢሆኑም፣ ለተተከለ ነገር ካሣ የማግኘት ሐሳብ አልቀረም።

የዋግ ወረራና የዘር ምርጫ

የቆመ ውሃ ሥርን እንደሚያጠፋ ሁሉ በለምለሙ ላይ የሚቆይ እርጥበትም የራሱ በሽታ አለው። ይኸውም የአስፓራገስ ዋግ ነው። በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ የታወቀው ይህ በሽታ በ1896 በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት ታየ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም አገሪቱን አቋርጦ ካሊፎርኒያ ደረሰ። ዋጉ የሚይዘው ዝናብና ጤዛ ያረጠበውን ለምለም ሲሆን፣ ለምለሙ ያለጊዜው ሲደርቅ ሥሩ ስንቁን ሳይዝ ይቀራል። ኪሣራው የሚታየው በዚያው ዓመት አይደለም፤ በሚቀጥለው ነው።

ጄ. ቢ. ኖርተን የተባለው ተመራማሪ በ1906 በማሳቹሴትስ ግዛት በኮንኮርድ ዋግ የሚቋቋም ዘር ፍለጋ ጀመረ። አስፓራገስ ወንዴና ሴቴው በተለያዩ ተክሎች ላይ ስለሚገኝ፣ ኖርተን ከብዙ ተክሎች መካከል አንድ ጠንካራ ወንዴ መርጦ «ዋሽንግተን» አለው፤ ከተመረጡ ሴቴዎች ጋርም አዳቀለው። ከዚህ የተገኙት «ማርታ ዋሽንግተን» እና «ሜሪ ዋሽንግተን» የተባሉት ዘሮች በዓለም ተሠራጩ። ሜሪ ዋሽንግተን እስከ ዛሬ በዘር ነጋዴዎች እጅ ትገኛለች። በ1980ዎቹም የኒው ጀርሲው የራትገርስ ዩኒቨርሲቲ ወንዴ ብቻ የሆኑ ዲቃላዎችን አወጣ፤ ወንዴው ፍሬ ለማፍራት ጉልበት ስለማያባክን ምርቱ ይበልጣል። ሆኖም የትኛውም ዘር ቢሆን ውሃ በቆመበት መሬት ላይ ድል አላደረገም። ዘር ለመደቡ ስሕተት ምትክ አይሆንም።

ወደ አገራችን ደጋ

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያ ባለሙያ ሩቅ ነው ሊባል አይቻልም። ለንደን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ብቻ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ታገኛለች። እንግዲህ የእኛ ክረምት የለንደንን የዓመት ዝናብ ለማለት በሚያስደፍር መጠን በ2 ወራት ያወርደዋል። በዚህ ላይ በአገሪቱ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት መረሬ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 7.6 ሚሊዮኑ የሚገኘው በደጋውና በወይና ደጋው ነው። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ያብጥና ውሃ አላሳልፍ ይላል።

የኢትዮጵያ ገበሬ ለዚህ ችግር መልስ ለማግኘት ቬርሳይን አልጠበቀም። በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ፣ በእነዋሪ አካባቢ፣ ማሳው ከታረሰ በኋላ ሴቱም ልጁም ወጥቶ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሰፋፊ መደቦችና በመካከላቸው የውሃ ቦዮች ያበጃል። በሌሎች የሸዋ ወረዳዎችም በማረሻ የሚወጣው ሹሩቤ የታወቀ ነው። በአዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፍ የከብት ሀብት ማዕከል በ1980ዎቹ ሁለት ማረሻዎችን አጣምሮ ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሲሠራ፣ መነሻ ያደረገው ይህንኑ የገበሬ ጥበብ ነው። የእነዋሪ መደብ፣ የኢቭሻም ጉብታና የላ ኬንቲኒ ሣጥን ክዳን አንድ ሐሳብ ናቸው። የተራራቁ ሰዎች ከአንድ ጭቃ አንድ ትምህርት ቀስመዋል።

ስለሆነም በደጋው ጓሮ አስፓራገስ መሞከር የሚፈልግ ሰው ከሁሉ በፊት ሊመረምር የሚገባው የሚከተለውን ነው።

1ኛ/ በሐምሌ መሬቱን ክንድ ያህል ቆፍሮ ውሃ መሙላት። ውሃው በማግሥቱ ካልሰረገ ያ ቦታ ለዚህ ተክል አይሆንም፤ ወይም ከፍ ያለ መደብ ይሠራበት።

2ኛ/ መደቡን ከአካባቢው መሬት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ፣ በደንብ የበሰለ ብስባሽ መቀላቀል፣ የቦዩንም መጨረሻ ወደ ዝቅታ ማውጣት። መውጫ የሌለው ቦይ ኩሬ ነው።

3ኛ/ ተክሉን አራርቆ መትከል፣ ለምለሙን ንፋስ እንዲያገኘውና ከዝናብ በኋላ ቶሎ እንዲደርቅ።

4ኛ/ በመጀመሪያው ዓመት ምንም አለመቁረጥ፣ በ2ኛው ዓመት ቢበዛ መቅመስ። ለዕረፍቱ በጋው ሊያገለግል ይችላል፤ ብርድ በሌለበት በፔሩ ጠረፍ ገበሬዎች የመስኖውን ውሃ በመከልከል ተክሉን ያሳርፋሉ።

የሰው ጥያቄም በአገራችን አዲስ አይደለም። ጌሾ፣ ቡናና እንሰት በጓሮው የተከለ ሁሉ ለዓመታት መጠበቅ ምን እንደሆነ ያውቃል። በጭሰኝነት ዘመን በማንኛውም ጊዜ ሊነቀል የሚችል ጭሰኛ ለዓመታት የሚቆይ ተክል ለመትከል ለምን እጁ እንደሚያጥር መግለጽ አያስፈልግም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርስም፣ ከዚያ በኋላ በተደጋጋሚ የተደረገው የመሬት ድልድል ሌላ ሥጋት ፈጠረ። በ1990 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለዚህ ሥጋት የተሰጠ መልስ ነው። የከተማ ተከራይ ግን፣ የሚኖርበትን ግቢ ጓሮ ቢያለማም፣ ሲወጣ ለተከለው ዋጋ የሚከፍለው የኢቭሻም ልማድ የለውም። በከተሞቻችን ስለ ጓሮ አትክልት ብዙ በሚነገርበት በአሁኑ ጊዜ ይህ ጉዳይ ከዘርና ከፍግ ባልተናነሰ ሊታሰብበት ይገባል።

ማጠቃለያ

የአስፓራገስ ዋጋ በገበያ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ማዕድ ላይም ሰፊ ቦታ ላይይዝ ይችላል። ታሪኩ የሚያስተምረው ግን ከዚህ ተክል ያልፋል። ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚጓዝ የእርሻ ምክር የተወለደበትን አየርና አፈር ይዞ እንደሚመጣ፣ የካቶን ቃል ሳይመረምሩ ወደ ዝናብ አገር መውሰድ ምን እንዳስከተለ አይተናል። ለረጅም ዓመት የሚተከል ነገር ሁሉ ሁለት ዋስትናዎችን እንደሚሻም አይተናል። የግብርና ባለሙያ ገበሬን ቋሚ ተክል ትከል ብሎ ከመምከሩ በፊት በሐምሌ ዝናብ መካከል በማሳው ላይ ቆሞ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ይመልከት። ከዚያም ገበሬውን፣ መሬቱ ከ10 ዓመት በኋላ በማን እጅ እንደሚሆን ይጠይቀው። ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ያላገኘ ምክር፣ ዘሩ ምንም ያህል የተመረጠ ቢሆን፣ በ3ኛው ዓመት ባዶ መደብ ሆኖ ይገኛል።